ዐርዶ ሺሬና የነፋሱ ሥዕል

ዐርዶ ሺሬ ሰው ከሰው ሲጋጭ ማየት አይሆንላትም ነበር። እንዲህ ያለ ጠባይ ለጎረቤት ጥሩ ነው፤ ለአስተርጓሚ ግን ጠንቅ ነው። ዐርዶ ይህን እስክትረዳ አሥራ ስምንት ዓመት ፈጀባት። የተረዳችውም ድንበር ላይ ባለችው ቶጎጫሌ ከተማ፣ የወተት ገበያው መሀል ቆማ፣ አርባ ሴት እየሳቀባት ነው።

የተወለደችው ጅግጅጋ ነው። አባቷ ሺሬ ልብስ ሰፊ ነበር። ከግቢያቸው ሁለት ክፍል ለመሀል አገር ሰዎች ይከራይ ስለነበር፣ ዐርዶ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ አማርኛን በጨዋታና በስድብ ተምራ ጨረሰች። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ ተከራዮቹ ዕቃቸውን ጭነው ወጡ። አማርኛው ግን እሷ ዘንድ ቀረ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

በአሥራ ስድስት ዓመቷ ሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ አጠገብ ሱቅ የነበራትን አክስቷን ልታግዝ ሄደች። ካምፑ ውስጥ ከሚሠራ አንድ የእርዳታ ድርጅት የመጣ ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ስታቀላጥፍ ሰማትና «ነገ ክሊኒክ ነይ» አላት። በማግስቱ ከአዲስ አበባ በመጣች ነርስና የታመመ ሕፃን ባዘለች እናት መሀል አቆሟት።

ነርሷ ገና ሕፃኑን ስታየው ጮኸች። «ምን ዓይነት እናት ናት ይቺ? እስኪሞት ነው እንዴ የምትጠብቀው? በያት!»

ዐርዶ ወደ እናትየዋ ዞረች። «እንኳን ደህና መጣሽ ትልሻለች» አለቻት በሶማሊኛ።

እናትየዋ ፊቷን አጠቆረች። «ለዚህች አህያ ንገሪልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ በሯ ላይ ተሰልፌያለሁ። ዘበኛዋ ነው እየመለሰ የሰደደኝ።»

«አላህ ይስጥልኝ ትላለች» አለች ዐርዶ በአማርኛ።

ነርሷ ለሰለሰች፤ መድኃኒቱን ሰጠች፤ ሁለቱም ፈገግ ብለው ተለያዩ። ዐርዶም የዕድሜ ልክ ሙያዋን አገኘች። ሰልፉ ግን እንደነበረ ቀረ። ዘበኛው ሰው እንደሚመልስ ማን ለነርሷ ነግሯት?

ከዚያ ወዲያ ጅግጅጋ ውስጥ አስተርጓሚ የቸገረው ቢሮ ሁሉ የሚጠራው ዐርዶን ሆነ። የቢሮ ሰዎች «ከዐርዶ ጋር ስትሄድ ሕዝቡ እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ይላሉ። ሕዝቡም በበኩሉ «ዐርዶ የምታመጣቸው ሰዎች ሰው ያከብራሉ» ይላል። እውነተኞቹ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው እየተሰዳደቡ፣ ዐርዶ ግን ከራሷ አፍ ሁለት ጨዋ ሕዝቦችን ፈጥራ ታስተዋውቅ ነበር። እንደ ውሸት አትቆጥረውም። እንዲያውም ከሷ በኋላ የመጡትን ወጣት አስተርጓሚዎች ስትመክር፣ «ቃል መተርጎም ማንም ይችላል፤ ዋናው ሰላም መተርጎም ነው» ትላቸው ነበር። እነሱም ጽፈው ይይዙታል።

ይኸው ዓይነት ሰላም አንድ ጊዜ በእሷም ላይ ተተርጉሞባታል። ቶጎጫሌ የጭነት መኪና ደላላ አግብታ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ባልየው ሊፈታት ሲያስብ ሽማግሌ ላከባት። ሽማግሌዎቹ ነገሩን እጅግ አለሳልሰው፣ ስለ ትዕግሥትና ስለ አላህ ፈቃድ እያነሱ፣ ሻይ ጠጥተው መርቀዋት ሄዱ። ዐርዶ መፈታቷ የገባት ከሳምንት በኋላ የባሏን ሠርግ ዘፈን ስትሰማ ነው። ያኔም ቢሆን ትምህርት አልወሰደችበትም። ልጇን ይዛ ጅግጅጋ ተመለሰችና ሥራዋን ቀጠለች።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት የልጅነት ልምሻን ለመከላከል ቤት ለቤት ጠብታ የሚሰጥበት ዘመቻ መጣ። ዐርዶ ያኔ የምትሠራበት ድርጅት ቶጎጫሌን ያዘ። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁለት ጠብታ በአፉ፣ ጣቱ ላይ ቀለም፣ በቃ። ድርጅቱ ግን ቀላል ነገር ደስ አይለውም። «ማኅበረሰቡ ሃይማኖተኛ ነው፤ ሳይንስን ይጠራጠራል፤ መልእክታችን ከባህሉ ጋር መጣጣም አለበት» ተባለና ከአዲስ አበባ አማካሪ ተጠራ።

አማካሪው ወልደሩፋኤል ይባላል። ኪሱ ተቆጥሮ የማያልቅ ሰደርያ የሚለብስ፣ ሰው ሲያናግረው ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ነው፤ ሲከፍተው የሰማው ነገር ሌላ ሆኖ ይገኛል። ለጥናቱ ጅግጅጋ ሦስት ቀን ቆየ። ከሆቴሉ የወጣው ሁለት ጊዜ ነው። ጥናቱ ግን ዘጠና ገጽ ወጣው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ቀደም ሲል ለሌላ ክልል ጽፎት ነበር። የቦታው ስም ሁሉ በጥንቃቄ ተለውጧል። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ብቻ «የአፋር እናቶች» የሚል ሳይታይ አምልጧል።

ከጥናቱ አዲስ የነበረው አንድ ምዕራፍ ነው። እሱም ከዐርዶ አፍ የተገኘ ነው።

«በሶማሊኛ ይህን በሽታ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ጠየቃት።

«ደበይል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ነፋስ።»

ወልደሩፋኤል የጨፈነውን ዓይን ከፈተ። «ነፋስ! ስለዚህ ልጁን የሚያሽመደምደው ነፋስ ነው ብለው ያምናሉ።»

«አይ፣ ስሙ ነው እንጂ…»

«ስም እንዲያው በባዶ ሜዳ አይወጣም፣ ዐርዶ። ከኋላው እምነት አለ። መንፈስ፣ ጂኒ፣ እንዲህ ያለ ነገር።»

መልሱ የዐርዶ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አንተስ ፀሐይ ላይ ውለህ ራስህን ሲያምህ ምች መታኝ ትል የለም ወይ? ምች ዱላ ይዞ መንገድ ዳር ሲጠብቅህ አይተሃል? ልትለው ነበር። ግን ሰውዬው እንግዳ ነው፤ ደስ ብሎታል፤ ብዕሩን አንሥቷል። አሳዘናት።

«ሊሆን ይችላል» አለችው።

ይህች «ሊሆን ይችላል» በጥናቱ ውስጥ «የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ቁልፍ መረጃ ሰጪ በማያሻማ ሁኔታ አረጋግጠዋል» ሆና ወጣች።

በዚህ መነሻ ሥዕል ተሠራ። ሠዓሊው አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ጅግጅጋን በካርታም አያውቃት ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ጉንጩ ያበጠ፣ ጥፍሩ የረዘመ፣ ከወገቡ በታች ጭስ የሆነ ግራጫ ፍጡር አንድ ሕፃን ላይ እፍ ይላል። ከጎኑ የጠብታው ጠርሙስ በትልቁ ተሥሏል። ከሥሩ በሶማሊኛ «ነፋሱ ሳይገባ ጠብታው ይግባ» ተብሎ ተጽፏል። አምስት መቶ ቅጂ መጣ። ከፊሉ ደግሞ በክትባት መያዣ ሳጥኖቹ ክዳን ላይ ተለጠፈ።

የድርጅቱ የጅግጅጋ ኃላፊ ዴቅ ኤልሚ፣ እናት አባቱ ሶማሌ የሆኑ፣ «ደበይል» እየተባለ ሲወራ ያደገ ሰው ነው። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ፈረመ። ዐርዶም አስተያየቷን ተጠይቃ፣ «ቀለሙ ያምራል» አለች። እውነቷን ነው፤ ቀለሙ ያምር ነበር።

ከሥዕሉ ቀጥሎ የሃይማኖት አባቶች ተራ ደረሰ። ጅግጅጋ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ «የሃይማኖት አባቶችን አመለካከት የመለወጥ ሥልጠና» ተዘጋጀ። ከቶጎጫሌ የመጡት ሼኽ ሚሬ የሚባሉ የቁርኣን መምህር ናቸው። ቀኝ እግራቸው ከጉልበቱ በታች እንደ ሸንበቆ ቀጭን ነው፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ገና መጀመሪያው ቀን ላይ እጃቸውን አወጡ።

«ጠብታው መቼ ነው የሚደርሰን?» አሉ።

ወልደሩፋኤል ትርጉሙን ሰምቶ በትዕግሥት ፈገግ አለ። «እሱ በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ለምን እንደሚቃወሙ በግልጽ ይንገሩን።»

«እኔ አልቃወምም» አሉ ሼኹ ግራ ተጋብተው።

ዐርዶ ተጨነቀች። ይህን ብትተረጉመው የሦስት ቀኑ ሥልጠና እዚያው ሊፈርስ ነው። «ለመማር ዝግጁ ነኝ ይላሉ» አለች።

ሼኽ ሚሬም ሃይማኖታቸው የማይከለክለውን ነገር እንደማይከለክል ሦስት ቀን ሙሉ ተማሩ። በሦስተኛው ቀን አመለካከታቸውን ስለ ለወጡ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። እግርዎን ምን ነካው ብሎ የጠየቃቸው አንድም ሰው አልነበረም።

ሥልጠናው እንዳለቀ ሥዕሉ ቶጎጫሌ ተለጠፈ። ቶጎጫሌ የነጋዴ ከተማ ናት። ከወሰኑ ማዶ የሚገባውን ሩዝ፣ ዘይትና ብስኩት ስታራግፍና ስትጭን ትውላለች። እዚያ የሚኖር ሰው የማያውቀው ቋንቋ የተጻፈበት ካርቶን ስለለመደ ጽሑፍ አያነብም፤ ሥዕሉን ነው የሚያየው። ቆርቆሮው ላይ ቲማቲም ካለ ውስጡ ቲማቲም ነው። ከረጢቱ ላይ ላም ካለች ውስጡ የወተት ዱቄት ነው። እንግዲህ የጠብታው ሳጥን ክዳን ላይ ጂኒ ካለ ውስጡ ምን እንደሆነ ለቶጎጫሌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በአንድ ቀን ውስጥ ወሬው ከጉምሩክ ኬላው እስከ ከብት ገበያው አዳረሰ። እነዚያ ሰዎች ነፋሱን አሽገው አምጥተዋል ተባለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቶጎጫሌ ውስጥ ልምሻን ከጂኒ ጋር የሚያያይዝ ሰው ቢኖር አንድ ሁለት ቢሆን ነው። ድርጅቱ ደክሞ፣ በጀት መድቦ፣ ከተማውን በሙሉ አሳመነው።

ወልደሩፋኤል ወሬውን ሲሰማ አልደነገጠም። «ገምቼው ነበር» አለ። እናቶቹን ራሱ ሊያነጋግራቸው ካረፉበት የቶጎጫሌ ሆቴል ከዐርዶና ከሾፌሩ ከሳቢር ጋር ተነሣ። የጠብታው ሳጥን ከጅግጅጋ ከወጣ ያኔ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሥዕሉ በየግድግዳው ተለጥፎ እስኪያልቅ ዘመቻው እንዲቆይ ተደርጎ ነበርና ሳጥኑ መኪናው ውስጥ ፀሐይ ላይ ነው የከረመው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወተት ገበያው ደረሱ። ሴቶቹ የቆርቆሮ ዳሱ ሥር ጄሪካናቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት ያለችው ኒምኮ ናት፤ የወተት ነጋዴዎቹ አለቃ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ የሚያታልላት ቀርቶ የሚከራከራት ሰው የማይገኝ ሴት። ሼኽ ሚሬም ከገበያው ጥግ ወንበር ተሰጥቷቸዋል።

ወልደሩፋኤል ሴቶቹን በዓይኑ ቃኘና ወደ ዐርዶ ዘንበል አለ። «እነዚህ ሰዎች ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ቀስ ብለሽ፣ እንደ ሕፃን አስረጃቸው።»

ዐርዶ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እናቶቻችን፣ እንኳን ደህና ተገናኘን ይሏችኋል» አለች።

«አላሉም» አለች ኒምኮ።

«እ?»

«አላሉም። ሕፃን ነው ያሉት። ሕፃን ማለት አውቃለሁ። የመሀል አገር ሴቶች ወተት ሲገዙኝ "ለሕፃን ነው፣ ቀንሺልኝ" እያሉ ነው የሚያደርቁኝ። የት አለ ሕፃኑ? ወይስ ሕፃኖቹ እኛ ነን?»

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። አርባ ሴት ሳቀ። ዐርዶ ፊቷ ጋለ። አሥራ ስምንት ዓመት በሰላም የሠራችበት ሙያ በአንዲት የወተት ነጋዴ አንድ የአማርኛ ቃል ተገለጠ።

«ምንድን ነው የሚያስቃቸው?» አለ ወልደሩፋኤል።

ዐርዶ ልታለሳልስ አፏን ከፈተች፤ የሚለሳለስ ነገር አጣች። «እንደ ሕፃን አስረጃቸው ያሉትን ሰምተዋል። በእኔና በእርስዎ ነው የሚስቁት።»

ወልደሩፋኤል አሳለ። ኒምኮ ቀጠለች። «አሁን በትክክል አድርሺልኝ፣ አንቺ ሴት። ያ ክዳኑ ላይ ያለው ጂኒ ነው ውስጡ ያለው?»

ዐርዶ ቃል በቃል ተረጎመች። የወልደሩፋኤል ፊት በራ፤ ከአንዱ ኪሱ ደብተር አወጣ። «አየሽ? ያልኩሽ ይኸው ነው። በጂኒ ያምናሉ!»

«ያመኑት እርስዎ ሥለው ስላሳዩአቸው ነው» አለች ዐርዶ። ከአፏ እንዴት እንደወጣ ራሷም ገረማት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ «ደበይል ስለምንለው ልጅን የሚያሽመደምደው ነፋስ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ ይላሉ» አለች።

«ነፋስ የምንለው ሳይታይ መጥቶ ማንን እንደሚነካ ስለማይታወቅ ነው» አለች ኒምኮ። «እነሱስ ምን ይሉታል?»

«ልምሻ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ልምሽሽ ማለት ነው። መድረቅ፣ መጠውለግ።»

ኒምኮ ወልደሩፋኤልን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ታዲያ እሳቸው ልጅ አትክልት ነው ብለው ያምናሉ?»

ይህም ተተረጎመ። ወልደሩፋኤል ደብተሩ ላይ ምን እንደሚጽፍ ጠፋው። ሴቶቹ ሲስቁ ቆዩና፣ ሳቁ ሲያባራ የኒምኮ ድምፅ ተለወጠ።

«አሁን ዋናውን ልጠይቅ። አምና ኩፍኝ ገብቶ ልጆቻችን ሲነዱ፣ የሚያይልን አጥተን በጭነት መኪና ጅግጅጋ ወስደናቸዋል። የእኅቴ ልጅ መንገድ ላይ ሞተች። ያን ጊዜ በራችንን ያንኳኳ የለም። ዛሬ ሳንጠራችሁ፣ በነፃ፣ ቤት ድረስ ይዛችሁ መጣችሁ። ለኩፍኙ ያልነበረው ፍቅር ለዚህ ከየት መጣ?»

ዐርዶ አንድም ቃል ሳታስቀር አደረሰች። ወልደሩፋኤል ለአመቻቾች የተዘጋጀውን የጥያቄና መልስ መመሪያ አውጥቶ ገለጠ። አገላበጠ። መልሶ ገለጠ።

«ይህ ጥያቄ እዚህ ውስጥ የለም» አለ።

ይህንንም ተረጎመችላቸው።

ሼኽ ሚሬ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡና ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ገለጡ። «የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ በአንድ ሳምንት ትኩሳት እንዲህ ሆንኩ። እስከዚያ ግመል ተከትዬ እሮጥ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሦስት ቀን አዳራሽ አስቀምጠው አትቃወም አሉኝ። እኔ መቼ ተቃወምኩ? ጠብታውን ስጡኝ ነው ያልኳቸው» አሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው ዐርዶ ላይ ነበር። ዐርዶ መሬት መሬት አየች።

ኒምኮ ለሼኹም አልተመለሰችም። «ሼኽ፣ እግርዎን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አላህ ይካስዎት። እኛ ያላየነው ጠርሙሱን ነው። የተበላሸ ዕቃ ስንት ጊዜ በዚህ ኬላ ሲያልፍ አይተናል። ይከፈት።»

ሳቢር ሳጥኑን ከመኪና አወረደው። ዐርዶ ጂኒ የተለጠፈበትን ክዳን አነሣች። ከላይ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳና አንድ የታሸገ ውኃ ተጋድመዋል። ጠብታዎቹ ከሥር ናቸው። ከበረዶ ጥቅሎቹ አንድም የለም።

«በረዶውስ?» አለች።

ሳቢር በአገጩ ወደ አማካሪው ጠቆመ። «ለስላሳው አልገባ ሲላቸው በረዶውን አውጣው አሉኝ።»

ዐርዶ ለዘመቻው ሲባል አንድ ቀን የክትባት ሥልጠና ወስዳ ነበር። አንዲት ብልቃጥ አነሣችና ኒምኮ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ይህ ክብ ይታይሻል? መሀሉ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። ነጣ ያለች ከሆነ ጠብታው ደህና ነው። ሙቀት ሲያገኘው እየጠቆረች ትሄዳለች። ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረች ተበላሽቷል፤ ለልጅ አይሰጥም።»

ኒምኮ ብልቃጡን ተቀብላ ወደ ብርሃን አዞረችው። ዐርዶም አብራ አየች። አራት ማዕዘኗ ከክቡ አትለይም። ሁለተኛውን አነሣች፤ ያው ነው። ሦስተኛውም።

ወልደሩፋኤል ጎንበስ ብሎ አየ፤ የሆነውንም ተረዳ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝም በይ» አላት። «ቢሰጣቸው አይጎዳቸውም፤ ቢበዛ አይሠራም። ዘመቻው ዛሬ ተጀመረ ተብሎ ሪፖርት መደረግ አለበት።»

ዐርዶ ቀና አለች። አርባ ሴት ይጠብቃታል። ከነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ሰላም ለመተርጎም ይህን ያህል የተመቸ ጊዜ አልነበረም፤ ጠብታው ደህና ነው ብትል ማን ያውቅባታል? ከዚያ በሶማሊኛ ተናገረች። «ጠብታው ሙቀት መትቶት ተበላሽቷል። በረዶው የወጣው ለለስላሳው ቦታ እንዲገኝ ነው። አሁን እኚህ ሰው ዝም በይ፣ ቢበዛ አይሠራም እንጂ አይጎዳም ይሉኛል። እኔ ግን አልሰጥም።»

ወልደሩፋኤል የተባለው ባይገባውም ከየአቅጣጫው የዞሩበት ዓይኖች ገብተውታል፤ አንድ እርምጃ ወደ መኪናው አፈገፈገ።

ኒምኮ ብልቃጡን ስታገላብጥ ቆየች። «ወተትም እንዲህ የሚያሳብቅ ምልክት ቢለጠፍበት እኔ ይሄኔ ከገበያ ወጥቼ ነበር» አለች። አጠገቧ ያለችው ሴት ሳቀች፤ ሳቁ እየተላለፈ ሄደ። ኒምኮ ወደ ዐርዶ ዞረች። «ተበላሽቷል ብላ የነገረችን የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ። ነገ በረዶ ያለበት ይዘሽ ነይ። ብቻሽን ነይ።»

ዐርዶና ሳቢር ያንኑ ቀን ጅግጅጋ ደርሰው አዲስ ጠብታ አስጭነው በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ። ሳቢር ከክዳኑ ላይ ሥዕሉን በቢላዋ ፍቆት ነበር። ኒምኮ ሦስት የልጅ ልጆቿን ይዛ መጣች፤ ከዚያም እንደ ጉምሩክ ፈታሽ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ እያንዳንዱን ብልቃጥ ሳታይ አላሳልፍ አለች። እያንዳንዷ እናትም አራት ማዕዘኗን ካላሳየሽኝ አለች። ሥራው በሌላ ቦታ ከሚወስደው ሦስት እጥፍ ወሰደ። ዐርዶ የኩፍኙን ጥያቄ መልስ ስላልነበራት፣ «መልስ የለኝም፤ ጥያቄውን ግን ጽፌ ለቢሮው እሰጣለሁ» አለቻቸው። ሰጠችም። ሁሉም ቤት ግን አልተከፈተላትም። አንዷ ባሌ ሐርጌሳ ነው፣ ስልኩን አያነሣም ብላ ከለከለች። ሌላዋ ምንም ምክንያት ሳትሰጥ፣ ጠርሙሱንም አይታ፣ ሼኹንም ሰምታ፣ አይሆንም አለች። ዐርዶ ለመነቻት፤ ከዚያ ተወቻት።

ወልደሩፋኤል አዲስ አበባ ተመልሶ የማጠቃለያ ሪፖርቱን ጻፈ። ሥዕሉ ከተለጠፈ በአራተኛው ቀን የእናቶች ተሳትፎ በአስደናቂ ሁኔታ እንደጨመረ በግራፍ አሳየ። ቀኑ ልክ ነው። ሼኽ ሚሬም በሥልጠናው አማካይነት አመለካከታቸው ተለውጦ በአደባባይ ስለመመስከራቸው ፎቶ ተያይዟል፤ እግራቸው ከፎቶው ተቆርጧል።

ወሩ ሲያልቅ ዴቅ ኤልሚ ዐርዶን ቢሮው አስጠራት። ውሏ እንደማይታደስ የሚገልጸው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፤ «ከጸደቀው መልእክት ውጪ ተርጉማለች»።

«ደበይል ስም ብቻ እንደሆነ አንተ አታውቅም ነበር?» አለችው።

«እናቴም እንዲሁ ነበር የምትለው» አለ ዴቅ።

«ታዲያ ለምን ፈረምክ?»

ዴቅ ብዕሩን ከፍቶ ዘጋ። «አንቺስ ለምን ቀለሙ ያምራል አልሽ?»

ዐርዶ ደብዳቤውን ተቀብላ ወጣች። በደረጃው ላይ ስትወርድ አለቀሰች፤ ሥራውን ስላጣች ይሁን የዴቅ ጥያቄ ስለወጋት አልለየችውም።

ሰባት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠች። የጅግጅጋ ቢሮዎች ሁሉ ወሬው ደርሷቸው ነበር፤ እንዳለ የሚተረጉም አስተርጓሚ የሚፈልግ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ሸደር በሚባል ሌላ የስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ ውስጥ ሰው ጎደለና ተቀጠረች። እዚያ ሕግ አወጣች። ሐኪምና ታካሚ ፊት ለፊት እንደተቀመጡ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ «የምትሉትን ሁሉ እናገራለሁ፤ ስድብም ከሆነ ስድቡን» ትላቸዋለች። አንዳንዱ ሐኪም ይቆጣል። አንዱ እንዲያውም አንድን ሽማግሌ «ግትር» ብሎ፣ ሽማግሌው በምላሹ ምን እንዳለው ከሰማ በኋላ ለአንድ ሳምንት አላናገራትም። ሽማግሌው ግን ተናዶ ሲከራከር ደብቆት የነበረውን የእግር ቁስል አሳይቶታል።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ሥራ አስኪያጁ የሐኪሞቹ አቤቱታ ሲበዛበት ሁለተኛ አስተርጓሚ ቀጠረ፤ ድምጿ ለስላሳ የሆነች፣ ሁሉንም የምታስደስት ወጣት ልጅ። ሐኪሞቹ ወደዷት። ታካሚዎቹ ግን ዐርዶ ባለችበት ክፍል በር ላይ ይሰለፋሉ፤ ሌላው ክፍል ባዶ ይውላል። ሥራ አስኪያጁ ሰልፉን ለማመጣጠን የክፍል ቁጥር ያለበት ካርድ ማደል ጀመረ። ሴቶቹ በር ላይ፣ ሕመም የጠናባት ወደ ዐርዶ እንድትገባ፣ ካርዱን ይለዋወጣሉ።